ቤቱን የተነጠቀው አሳ

ጎረቤታችን መን ቲርታ በግንቡ ላይ አንገቷን አስግጋ ያለችኝን እንዳለ ላቀብላችሁ። «ላስሚኒ ባሏን አብልታ ገደለችው ይባላል» አለችኝ። ማን አለ ብላት፣ ሁሉም አለች። እኛ ሰፈር «ሁሉም» ማለት ዋርዳና ነው፣ የሟቹ ታናሽ ወንድም። እሱ ያወራው ነገር ጀልባዎቹ ዘንድ ለመድረስ ደቂቃ አይፈጅበትም።

የላስሚኒ ባል ሬንታና የሞተው በዓመት አንዴ በምናከብረው የዝምታ ቀን ነው። ያን ቀን እሳት አይነድም፣ መብራት አይበራም፣ ከግቢ አይወጣም፤ መንገዱን የሚዞሩት የመንደሩ ጠባቂዎች ብቻ ናቸው። ሬንታና ሁልጊዜም ቀኑን የሚያሳልፈው አሳ ክፍሉ ውስጥ ነው፤ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርዶ፣ ከመስታወት ገንዳው ፊት ምንጣፍ አንጥፎ። በማግስቱ፣ ሰው ቤት ለቤት እየዞረ «ይቅር በለኝ» በሚባባልበት ጧት፣ እዚያው ምንጣፉ ላይ ደርቆ አገኙት። ደረቱ ድሮም ደካማ ነው፤ ግን ሰው እንዲሁ አይሞትም አሉ።

ግቢው ውስጥ የነበሩት ሚስቱ ላስሚኒ፣ ወንድሙ ዋርዳናና የአጎቱ ልጅ ሙድራ ናቸው፤ ከነሱ ሌላ የላስሚኒና የሬንታና ትንሿ ልጅ ሳሪ። ላስሚኒ ደግሞ የሰው አገር ሰው ናት፤ ከሎምቦክ ደሴት ነው አግብቷት የመጣው። የባሏ ዘመዶች ምን ጠበቁ? ጓዟን ከደጃፍ አውጥተው ወረወሩላት። ሂጂ አሏት፣ ልጅቷ ግን የአባቷ ቤት ልጅ ናትና ትቀራለች። ላስሚኒ ለባሏ እንኳን ሳታለቅስ ሳሪን እቅፏ ውስጥ ሸጉጣ ቁጭ አለች።

መርማሪዋ ሱዊትሪ ከከተማ የመጣችው በዚህ መሃል ነው። ወፈር ያለች፣ አፏ ከምግብ የማያርፍ ሴት ናት። እሷም ቤቷ የባህር አሳ ገንዳ አላት፤ ባሏ «እኔን ካየችኝ ከርማለች» እያለ ያማታል። ሬሳውን አየት አደረገችና ገንዳው ፊት ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ብርቱካንማዎቹ ባልና ሚስት አበባ በሚመስለው የባህር እንስሳ መጠለያቸው ውስጥ ይንከባለላሉ። ቢጫው ይዞራል። ዓይኖቹ አናቱ ላይ የወጡ አንድ መልከ ጥፉ አሳ ግን ቀለሙ ገርጥቶ የመስታወቱ ጥግ ላይ ተለጥፏል።

«ይሄ ምን ሆኖ ነው?» አለች።

«ሁሌም ከድንጋዩ ቀዳዳ አይወጣም» አለች ላስሚኒ። «በጭራው ይገባና ፊቱን ብቻ ብቅ ያደርጋል። ባሌ ‹የመንደሩ ሹም› እያለ ነበር የሚጠራው።»

«ድንጋዩስ?»

ላስሚኒ ጎንበስ ብላ ፈለገች። አሸዋው ላይ ድንጋዩ የነበረበት ጉድጓድ ብቻ ቀርቷል። ሱዊትሪ ሙዟን እየላጠች፣ ይሄ አሳ ከስሩ ካልነጠቁት በቀር ቤቱን ጥሎ አይወጣም አለች።

ስለ ምግቡ ጠየቀቻት። በዋዜማው የተቀቀለ ሩዝ ነው፣ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ፤ ሁሉም ከአንድ ሳህን ነው የበሉት፣ ሳሪም ሳትቀር። አሳ ክፍሉ ውስጥ ከተደረደሩት ባልዲዎች ኋላ ግን ሱዊትሪ የኤሌክትሪክ ሩዝ መቀቀያ አገኘች። ላስሚኒ የኔ ነው፣ ማን ከማድቤት እንዳመጣው እንጃ አለች። ውስጡ ታጥቦ ያብለጨልጫል። የክዳኑ የእንፋሎት ቀዳዳ ላይ ግን ነጭ ነገር ጋግሯል፣ የባህር ውሃ ሲደርቅ የሚተወው ጨው። ያገኘችውን ሁሉ የምትቀምሰው ሴትዮ ያንን አልቀመሰችም። በላስቲክ ጠቅልላ አስቀመጠችው።

ከዚያ ሙድራን በጥያቄ ያዘችው። ሙድራ ከሟቹ ጋር በግቢው ግንብ የተነሳ ተኳርፎ ነበር፤ አልደበቀም። ግን በዋዜማው ታርቀናል አለ። ሬንታና ያን ቀን እያለቀሰ፣ ወደ ባህሩ መርዝ የመለሰ ሰው አለ፣ ከዝምታው በኋላ ለመንደሩ ጉባኤ ስሙን እናገራለሁ ብሎታል። ማን እንደሆነ ግን አልነገረውም።

ይሄ እኛ ዘንድ ቀልድ አይደለም። አባቶቻችን አሳውን ለማደንዘዝ መርዝ እየረጩ የአሳዎቹን መጠለያ ኮራሉን እንደ አጥንት አንጥተውት፣ እኛ ነን በእጃችን መልሰን የተከልነው። ቤተ መቅደስ ምለናል። መሃላውን ያፈረሰ ከመንደሩ ይሰረዛል፤ ሬሳው እንኳን እንደ ወጋችን በእኛ መሬት አይቃጠልም።

ዋርዳና ደግሞ እንባው አላቆም ብሎታል። አሳ ይዤ እሸጣለሁ እንጂ የገንዳ ነገር አላውቅም አላት። «ያ የብሊ፣ የታላቅ ወንድሜ ነገር ነው። እኔ አንዱን ድንጋይ ከሌላው አልለይም።» ሱዊትሪ የምትሸጣቸውን አሳዎች ባልዲ አሳየኝ አለችው። አሳዎቹ ቀለማቸው ያምራል፣ የጣለችላቸውን ይሻማሉ፤ ግን ከመሃላቸው ቁስል የሌለባቸው፣ ሆዳቸው የሞላ አሳዎች ሞተው ይንሳፈፋሉ።

መን ቲርታን ሳይጠይቋት ነው የተናገረችው። ጧት በግንቡ ስታይ፣ ዋርዳና አፍና አፍንጫውን በልብሱ አፍኖ ገባ፣ መጀመሪያ መስኮቱን በረገደ፣ ከዚያ ነው ወንድሜን ብሎ የጮኸው። ሐዘኑ ነው ብላ ራሷም አልቅሳለች።

ያን ከሰዓት ሱዊትሪ ሁላችንንም የግቢው ዳስ ስር ሰበሰበችን። እንደ አጋጣሚ እኔም ነበርኩ። ሳህን ላይ እርጥብ ድንጋይ ይዛለች፣ ቡናማ አዝራር የመሳሰሉ ነገሮች በቅለውበታል። የሹሙን ቤት መልሱለት አለች። ላስሚኒ በባዶ እጇ ልታነሳው ዘረጋች። ሙድራም እንደዚሁ። ዋርዳና እንዲያነሳው ስትነግረው ግን የልብሱን ጫፍ መዳፉ ላይ ጠቀለለ፤ ቀጥሎ እሱንም ትቶ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ምነው?» አለችው።

«እጄ ላይ ቁስል አለ።»

«አሳየኝ።»

እጁን ከጀርባው ደበቀ።

«እነዚህ አዝራሮች የባህር እንስሳ ናቸው፤ ይሄ የማይጎዳው ዘመዱ ነው፣ ከቤቴ ነው ያስመጣሁት» አለች ሱዊትሪ። «የጠፋው ድንጋይ ላይ የበቀለው ግን መርዛማ ነው፤ ሲቀቀል እንፋሎቱ ሳንባ ይገድላል። ገንዳ የሚይዝ ሰው መጀመሪያ የሚማረው ይሄንን ነው። ሹሙ ቤቱን ስላጣ ድንጋይ እንደተሰረቀ አወቅኩ። ክዳኑ ላይ ጨው ስላለ የት እንደገባ አወቅኩ። በዝምታ ቀን ጭስ ቢታይ ጠባቂዎቹ ይመጡ ነበር፤ መቀቀያው ግን ጭስ የለውም፣ ድምፁንም ሌት ተቀን የሚሠራው የገንዳው ሞተር ይሸፍነዋል። ሬንታና ተኝቶ ነበር፣ መስኮቱም ዝግ ነበር። ሌሎቹ ድንጋዩ መርዝ እንዳለው አያውቁም፤ አሁን አይታችኋል። አላውቅም ያልከው አንተ ግን ፈራኸው። ጧትም አየሩን ፈርተህ ነው አፍንጫህን የያዝከው። ባልዲህ ውስጥ ያሉት ደግሞ በመርዝ የተያዙ ናቸው፤ እየበሉ ነው የሚሞቱት። ጉባኤው ላይ የሚጠራው ስም ያንተ ነበር።»

ላስሚኒ ያኔ ነው ያለቀሰችው። «የገንዳውን ነገር ሁሉ ያስተማረው ባሌ ነው» አለች። «እጁን ይዞ። እኔን እንኳን ገንዳው አያስጠጋኝም፣ እሱን ግን እንደ ልጁ ነበር የሚያየው።»

ዋርዳና መሬት ላይ ተንበረከከ። «የገዛ ወንድሜ ሊያሰርዘኝ? ሬሳዬ የት ይቃጠል?» አለ። ከዚያ ድምፁን አለዝቦ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። «ዛሬ የይቅርታ ቀን ነው። ይቅር በሉኝ።»

ትልቁ አጎታቸው ጉሮሮውን ጠረገ። ነገሩ ከግቢው ባይወጣ ይሻላል፣ ወይዘሮ መርማሪ የደረት በሽታ ነው ብላ ብትጽፍልን፣ ሟች አይመለስ፣ ቀኑም የይቅርታ ነው አለ። ዘመድ ሁሉ እውነት ነው፣ እውነት ነው እያለ ራሱን ነቀነቀ።

የላስሚኒ ጓደኛ መን ራስሚ፣ አሳ ቸርቻሪዋ፣ ደጃፉ ላይ የተጣለው ጓዝ ላይ ተቀምጣ ነበር። ብድግ አለች።

«ቀኑስ የይቅርታ ነው» አለች። «ጧት የዚችን ምስኪን ጓዝ ስትወረውሩና ልጇን ከጉያዋ ስትጎትቱ ምን ቀን መስሏችሁ ነበር?»