የነፋስ ዓይን

የንጉሡ ጦር ከባሕር ማዶ ድል ሆኖ በተመለሰበት፤ ለጦሩም ወጪ በየቤቱ መስኮት ላይ ግብር በተጣለበት ዘመን፤ በኅዳር መባቻ፤ የወንዙ ዳር ሰፈር መስኮቱን በጡብ እየደፈነ ዓይኑን ጨፈነ።

በዚያ ሰፈር የሚኖሩት የመዝገበ ቃላት ሊቅ ሁለት መስኮት ነበራቸው፤ አንዱ በጽሕፈት ክፍላቸው፤ ሌላው ሳንባዋን ታማ በተኛችው ሚስታቸው ራስጌ። አቅማቸው ከአንዱ ግብር አያልፍም ነበር። ግንበኛው ጡቡን ተሸክሞ ሲመጣ፤ እንደ አጋጣሚ ሊቁ “መስኮት” ከሚለው ቃል ደርሰው ነበር።

“የትኛውን ልድፈን፣ ጌታዬ? ቶሎ ይወስኑ እንጂ፤ ነገ ደግሞ በአፍንጫችን ቀዳዳ ላይ ግብር ይጥሉብናል” አለ።

ሊቁ አልሳቁም። የጽሕፈት ክፍሉ ከጨለመ ዕድሜያቸውን የፈጁበት ሥራ ይቆማል፤ ሐኪሙ ደግሞ ሚስታቸውን ንጹሕ አየር እንዳያሳጧት አጥብቆ አስጠንቅቋል።

“የእኔን ድፈነው፣ ልጄ” አለች ሚስታቸው ከአልጋዋ። “እኔ እንደሆነ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምውለው። እርስዎ ሥራዎን ይጨርሱ።”

“እስከ ጸደይ ብቻ ነው” አሉ ሊቁ። እምቢ ማለት ነበረባቸው፤ አላሉም።

በብርሃን ተቀምጠው የቃሉን ዘር በየቋንቋው ተከተሉ፤ ላቲኖች ፌኔስትራ ያሉትን ፈረንሳይ ፍኔትር፣ ጀርመን ፌንስተር አለው፤ እስፓኝ ከነፋስ ስም አውጥቶ ቬንታና አለው፤ የሰሜን ባሕረኞች ግን “የነፋስ ዓይን” ብለው ጠሩት፤ እንግሊዝም ዊንዶው የሚለውን ከእነሱ ወሰደ። ይህንኑ ለሚስታቸው አጫወቷት።

“የነፋስ ዓይን” አለች ፊቷን ወደ ጡቡ አዙራ፤ ሳሏ ጋብ እስኪል ጠብቃ። “ደስ ሲል። እስቲ ይድገሙልኝ።”

ደገሙላት። ጸደይ ሳይገባ ሞተች።

ሊቁ ከቀብር መልስ ግንበኛውን አስጠርተው የእሷን መስኮት አስከፈቱ፤ የራሳቸውን አስደፈኑ። ግንበኛው ለማን ብለው ነው ብሎ መጠየቅ ከበደው፤ ሥራውን ጨርሶ ሄደ።

በመዝገበ ቃላት ደንብ ከቃሉ ሥር የሚገባው ምሳሌ ከታወቀ መጽሐፍ የተቀዳ መሆን አለበት። ደንቡን ያወጡት ሊቁ ራሳቸው አንድ ጊዜ ጣሱት፤ “መስኮት” ከሚለው ሥር “መስኮቷን ለእኔ ትታ በጨለማ ሞተች” ብለው ጻፉ።

እሳቸው ካለፉ በኋላ መጽሐፉን ያሳተሙት ደቀ መዛሙርታቸው፤ ዐረፍተ ነገሩን በየመጽሐፉ ፈልገው ስላጡት ሰረዙት፤ በፈንታውም ከንጉሡ ዘመቻ ታሪክ አንድ መስመር ተኩበት። ታሪክ የቃሉን አባትና አያት ቆጥሮ እስከ ዛሬ ይዟል፤ ከተደፈነ መስኮት ሥር ተኝታ “ይድገሙልኝ” ያለችውን ሴት ግን የሚያውቃት የለም።