ከበሩ ኋላ ያለው ዱላ

ኑ፣ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ድንጋዩ ገና የፀሐይ ሙቀት አለው። የካሲልዳን ነገር ላጫውታችሁ።

ካሲልዳ የተወለደችበትን ቤት ወንድሞቿ ሸጡት። ገዢዎቹ የመንደራችንን አሮጌ ቤቶች እያደሱ ለእረፍት ለሚመጣ ከተሜ የሚያከራዩ ናቸው። እሷንም ቁልፍ ያዥ አድርገው ቀጠሯት፤ በገዛ እናቷ መኝታ ቤት የእንግዳ አንሶላ ማንጠፍ ጀመረች።

ቤቱን ያደሰው ግንበኛ ኤመቴሪዮ ይባላል፣ የወንዝ ማዶ ሰው። ሠራተኞቹ አሮጌውን በር ለማገዶ ሊፈልጡት ሲሉ የከለከላቸው እሱ ነው። የካሲልዳ ቁመት በየዓመቱ የተለካበት ጭረት በሩ ላይ ነበራ። የእሷም ልብ ወደ እሱ የሄደው ያን ቀን ነው። ምሳ ስታደርስለት ትተርበዋለች።

«አንተ ሰው፣ ከድንጋይ ጋር ስታወራ ትውላለህ፤ እኔ ስመጣ ግን አፍህ ይያዛል።»

«ድንጋይ እምቢ አይልማ» አላት፣ ዓይኑን ከኖራው ሳያነሳ።

በእኛ አገር የቆየ ወግ አለ። ወንድ ልጅ ሲወድ ዱላውን በልጅቷ ደጃፍ ወደ ውስጥ ወርውሮ ዘወር ይላል። ውስጥ ከቀረለት እሺ ተብሏል። ውጭ ከተጣለ ግን ለምን ብሎ አይጠይቅም፤ ነገሩም ዳግመኛ አይነሳም። ወጉ ከተረሳ ቆይቷል፤ አንደበት ያልታደለው ኤመቴሪዮ ግን ሌላ መናገሪያ አላገኘም።

ሥራው ባለቀ ሰሞን አንድ ቀትር ላይ በሩን ገርበብ ብሎ አገኘውና ዱላውን ወረወረ። ቤቱን በገዛ እጁ ለእንግዳ ያደሰ ሰው፣ ቤቱ የእሷ አለመሆኑን ረሳ።

ካሲልዳ አንሶላ ልታሰጣ ወጥታ ነበር። ውስጥ የነበሩት ከማድሪድ የመጡ የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ናቸው። ሴትየዋ የሠራተኛ ዕቃ መስሏት ዱላውን አንስታ፣ ባለቤቱ እንዳያጣው ብላ በደግነት ውጭ አቆመችለት።

ኤመቴሪዮ ወደ ማታ ተመልሶ አየው። አልነካውም። ብዙም ሳይቆይ ለሥራ ወደ ሰሜን ሄደ።

ካሲልዳ ዱላውን ስታገኘው ረስቶት ነው ብላ አስገባችው፤ ሲመጣ ልትሰጠው። ደህና ሁኚ እንኳ ሳይላት መሄዱ አንገበገባት፤ ኩራት ይዟትም አልፈለገችውም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያቺው ሴት ተመልሳ መጣች። «ይሄ ዱላ እስካሁን አለ? ያኔ ከደጅ ተወርውሮ እግሬ ሥር ሲወድቅ እንዴት እንደደነገጥኩ! አንስቼ ውጭ ያቆምኩት እኔ ነኝ» ብላ ሳቀች።

ካሲልዳ ያን የቆየ ወግ ያኔ አስታወሰች፤ የያዘችው ትራስ ከእጇ ወደቀ።

ወንዝ ማዶ የቀረችውን የኤመቴሪዮን እህት አጠያይቃ፣ በአውቶቡስ ሄዳ፣ ሩቅ መንደር ግንብ ሲያነሳ አገኘችው። ሚስቱ ልጅ ታቅፋ የግንቡ ጥላ ሥር ተቀምጣለች።

«ያወጣሁት እኔ አይደለሁም» አለችው ቀስ ብላ።

መዶሻውን አስቀመጠ። የእጁን ኖራ በሱሪው ጠረገ።

«አሁን የት ነው?»

«ውስጥ። ከበሩ ኋላ።»

«እንግዲያው እዚያው ይቆይ» አላት።

ካሲልዳ ዛሬ ሸብታለች፤ አሁንም አንሶላውን የምታነጥፈው እሷ ናት። ምናልባት አንድ ቀን ያን ቤት ተከራይታችሁ ብትገቡ፣ ከበሩ ኋላ ዱላ ታያላችሁ። ረስቶት የሄደ ሰው የለም። አደራችሁን፣ ይቺን ነገር አስታውሱና ወደ ውጭ አታውጡት።