ያልተሰበረው ብልቃጥ

ባሲሊያ ማማኒ በኦሩሮ ከተማ ዳርቻ ባለች ትንሽ ሆስፒታል ማዋለጃ ክፍል ውስጥ፣ አንሶላ ተሸፍና ተጋድማለች። ሴት ልጇን ከተገላገለች ገና ሦስት ሰዓት አልሞላትም። ደሟ አልቆም ብሎ ነው የሞተችው። ባሏ ሴልሶ፣ አዋላጇ «መርፌው ምንም አልሠራም» ስትል ሰምቶ ፖሊስ ጠራ።

መርማሪዋ ሬሜዲዮስ ቾኬ ጓንት አጥልቃ ያገለገሉ መርፌዎች የሚጣሉበትን ሴፍቲ ቦክስ ዘረገፈችው። የደም ማቆሚያው መድኃኒት የሚመጣው አንገቱ ተሰብሮ በሚከፈት ብልቃጥ ነው። የብልቃጥ ስብርባሪ ግን አልነበረም። የመድኃኒት ካቢኔው ውስጥ ካሉትም አንድ አልጎደለም።

ክፍሉ ውስጥ የነበሩትን አንድ በአንድ ጠየቀች። ዶክተር ፋውስቶ መርፌው እንዲሰጥ ማዘዙን ነገራት። አዋላጇ ቴኦፊላ የመድኃኒቱ ስም የተጻፈበት ስሪንጅ ተሞልቶ ትሪ ላይ አግኝታ መውጋቷን አልደበቀችም። ነርሷ ኒዬቬስ የእጅ ጽሑፉ የእሷ መሆኑን አምና አለቀሰች። ሦስቱም የዚያን ዕለት ጠዋት የቡድን ሥራ ሥልጠና ላይ ነበሩ፤ እዚሁ ክፍል ውስጥ የተለማመዱትም ልክ እንዲህ ያለውን የደም መፍሰስ ነው።

ሬሜዲዮስ የሥልጠናውን ወረቀት አስመጥታ አየችና ሁሉንም ሰበሰበች። ሴልሶም ሕፃኗን ታቅፎ ገባ።

«ባሲሊያ የተወጋችው ውሃ ነው» አለች። «ኒዬቬስ ለልምምዱ ስድስት ስሪንጅ ውሃ ሞልታ የመድኃኒቱን ስም ጻፈችባቸው። ሴፍቲ ቦክሱ ውስጥ ከተወጋችበት ሌላ ያገኘሁት አምስት የልምምድ ስሪንጅ ብቻ ነው። ስድስተኛው ትሪው ላይ ቀርቶ ቴኦፊላ ጽሑፉን አምና ወጋችው። ወረቀቱ ላይ ግን ‹ሁሉም ተሰብስቧል› በሚለው ፊት በአረንጓዴ ቀለም ምልክት ተደርጓል። እዚህ በአረንጓዴ የሚጽፈው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ዶክተሩ አንገቱን ደፋ። «ምሳ ሰዓት አልፎ ነበር። የተሰበሰበ መስሎኝ ነው።»

«አንድ ይጎድላል ብዬዎት ነበር» አለች ኒዬቬስ። «‹ቆይ፣ በኋላ› አሉኝ። የማይሰማችሁ ካለ ደግማችሁ ተናገሩ ተብለን የተማርነው በዚያው ጠዋት ነው። እኔ ግን ፈራሁዎትና ዝም አልኩ።»

«እኔም ስትናገር ሰምቻለሁ» አለች ቴኦፊላ ቀስ ብላ።

ሴልሶ በየተራ አያቸው።

«ሦስት ሆናችሁ?» አለ።

ሕፃኗ ርቧት ማልቀስ ጀመረች።