የሚስ ኦፓል የጥፍር ቀለም

ጠቅ አላለም።

ድርጭት ሽጉጡን አቀባብላ ቃታውን እንደገና ሳበች። ቃታው ልፍስፍስ ብሎ ወደ ኋላ ሄደ። ምንም ድምፅ የለም።

ጥይቶቹን አውጥታ ሌላ ክፍል አስቀምጣለች። አፈሙዙን ወደ ጡቡ ግድግዳ አዙራለች። ዕለቱ እሑድ ነው፤ በየጠዋቱ ከቤት ከመውጣቷ በፊት ይህን ባዶ ተኩስ ሳትለማመድ ቀርታ አታውቅም። ባዶ ሽጉጥ ሲተኮስ ጠቅ ይላል። ትናንት ብሏል፣ ከትናንት ወዲያም ብሏል።

አልጋው ላይ ፈታታችው። ጥይቱን የሚመታው መርፌ የለም። ከነሞላው ተነቅሎ ወጥቷል፤ የኋላ ክዳኑ ግን በጥንቃቄ ተመልሶ ተገጥሟል። ከውጭ ላየው ሰው እንከን የለውም። ጥይት ይጎርሳል፣ ይቀባበላል። መተኮስ ብቻ ነው የማይችለው።

የቤቷ ቁልፍ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ኦፓል።

«አንቺ አሮጊት!» አለች ጮክ ብላ። ክዳኑን አልጋው ላይ ወረወረችው። ፈርታ ነው እንዳትሉ፤ በንዴት ነው። ስድስት ወር ሙሉ ያቺን ሴት ወዳት ነበር። መውደድ ከሥራው ውጭ መሆኑን እያወቀች ወደደቻት።

አላባማ ውስጥ ባለችው በዚያች ትንሽ ከተማ ድርጭት የምትባል ሰው የለችም። ያለችው ዳርላ ፕሩዊት ናት፤ የእንስሳት ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ፣ ከሚደበድባት ባሏ አምልጣ የመጣች ምስኪን። ባልየውን የፈለሰፈው አለቃዋ «ዲያቆን» ነው። ዱላውንም፣ ስብራቱንም እሱ ነው የፈለሰፈው። ከተማው በሙሉ ለዚህ ውሸት አልቅሷል። ከሁሉ በላይ ያለቀሰችው ደግሞ ኦፓል ናት።

ሥራው የኦፓል ልጅ ዌይሎን ነበር። ዌይሎን ለወታደር የሌሊት መነጽር በሚሠራው ፋብሪካ ውስጥ ተቀጥሮ የመነጽሩን ንድፍ ይሰርቃል። የሚገዛውን ሰውዬ በመልክ የሚያውቀው የለም፤ የድርጭት የስለላ ቢሮ «ባርኔጣ» የሚል ስም አውጥቶለታል። ወደ ባርኔጣ የሚያደርሰው ዌይሎን ነው። ወደ ዌይሎን የምታደርሰው እናቱ ናት። እናቱ ጋ ለመድረስ ደግሞ ማክሰኞ ማክሰኞ ለሴቶች የምትሰጠውን የሽጉጥ ትምህርት መማር ነበር።

የመጀመሪያውን ቀን ድርጭት አትረሳውም። የኦፓል የሽጉጥ ሱቅ ሠራተኛ ሮዝ ቀለም የተቀባች የጣት ያህል ሽጉጥ አውጥቶ «ለሴት የምትመች» ሲላት፣ ከኋላ አንዲት ሰባ ሊሞላት የደረሰ፣ ቀጭን፣ መነጽሯን በአንገቷ ያንጠለጠለች ሴትዮ ብቅ አለች።

«አንተ ልጅ፣ አስቀምጣት። በቀለም ከሚቀባው የፋሲካ እንቁላል ጋር ነው የምትሄደው» አለች ኦፓል። «ነይ እስቲ የኔ ማር። ከዚህ በፊት ይዘሽ ታውቂያለሽ?»

«ኧረ እኔ! በጭራሽ ሚስ ኦፓል።»

«እንግዲያው ስሚኝ። ትንሽ ሽጉጥ የዋህ ትመስላለች እንጂ እንደ በቅሎ ነው የምትራገጠው። አንድ ቀን ትተኩሽባትና ዳግመኛ አትነኪያትም። እጅሽን አሳዪኝ።» እጇን ገልብጣ አየች። «መሐል ላይ ያለችዋ ናት ላንቺ። መያዣዋ ትንሿ ጣትሽንም ይችላል። አቀባብያት እስቲ። ከበደችሽ?»

«ትንሽ።»

«ተለምዶ የሚቀል ነው። ወገብሽ ላይ ታስሪያታለሽ፣ ቃታዋን የሚሸፍን ጠንካራ ማኅደር ውስጥ። ቦርሳሽ ውስጥ እንዳትከቻት። ቦርሳሽን የነጠቀሽ ሌባ ሽጉጥሽንም ተረከበሽ ማለት ነው፣ አመስግኖሽ ይሄዳል።»

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። ኦፓል ሽጉጡን ከፍታ ባዶነቱን አሳየቻትና ሰጠቻት። ድርጭት ራሷ ሳታረጋግጥ ተቀበለች።

«አየሽ ተሳሳትሽ» አለች ኦፓል። «እኔ አየሁት ብልሽም አንቺ ደግሞ እዪ። ቄስ ቢሰጥሽም እዪ። ጣትሽ ደግሞ ለመተኮስ እስክትወስኚ ቃታው ጋ አይድረስ።»

ያው ዓይነት ሽጉጥ የራሷም ወገብ ላይ ነበር። በዚያው ቀን የፊተኛዋን ማነጣጠሪያ ጫፍ፣ ዓይን ቶሎ እንዲይዛት፣ በቀይ የጥፍር ቀለም ቀባችላት። የራሷም እንደዚያው ነበር። «አሁን እህትማማች ሆኑ» አለችና ጠርሙሱን ከደነች። ማኅደሩንም የራሷን መሳይ ሸለመቻት።

ድርጭት ለወራት ሆን ብላ ሳተች። ቢሮው ውስጥ ከእሷ የሚበልጥ ተኳሽ ሁለት ሰው ቢገኝ ነው፤ እዚህ ግን ወረቀቱን በሙሉ እየሳተች «ወይኔ!» ስትል ትውላለች። ባለፈው ማክሰኞ ግን ባዶ ቀለህ ሽጉጡ ላይ ተቀርቅሮ ቀረ። ዓይኗን ከዒላማው ሳታነሣ ካዝናውን በመዳፏ መታች፣ አቀባበለች፣ መሐል ላይ ተኮሰች። እጇ ነው የሠራው። ሐሳቧ የደረሰው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው።

ኦፓል አይታለች። መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጠረገችና ወደምትቀጥለው ተማሪ አለፈች።

አሁን መርፌው የለም።

ስልኩን አነሣች።

«መርፌዬን ነቅለውታል።»

«ማን?» አለ ዲያቆን።

«እናትየው። አውቃብኛለች። ከዛሬው ምሳ ልቅር?»

«ከቀረሽ ዌይሎን ይነቃና ባርኔጣን ዛሬ እንዳይመጣ ያስጠነቅቀዋል። ስድስት ወር ገደል ገባ ማለት ነው።»

«እንግዲያው ሌላ ሽጉጥ ላኩልኝ።»

«መንገድሽን ዌይሎን ሊያስጠብቀው ይችላል። ማንም አይመጣም። ሴትዮዋ ያንቺው ዓይነት አይደል የምትይዘው?»

«አዎ።»

«እንግዲህ ታውቂበታለሽ። ዕቃው ሰውዬው እጅ እስኪገባ እኛ ንቅንቅ አንልም።»

ዘጋው።

የኦፓል ቤት ከሱቁ ጀርባ ነው። ገና በረንዳው ላይ ሳለች የዶሮው ጥብስ ሸተታት። ኦፓል ከቸርች የመጣችበትን ቀሚስ ሳትቀይር ሽርጥ ደርባበታለች።

«ግቢ የኔ ማር! ከሳሽ ደግሞ። ይሄ ክሊኒክ ምሳ አያበላሽም እንዴ?»

እዚያ ቤት ደንብ አለ። እግዚአብሔርን እያመሰገኑ ወገብ ላይ ብረት አይደረግም። ሁሉም ሽጉጡን ከነማኅደሩ በር አጠገብ ያለው ሰማያዊ ሳህን ውስጥ ያኖራል፣ ሲወጣ ያነሣል። የኦፓል በግራ፣ የእንግዳ በቀኝ። ሁለቱ ጎን ለጎን ተጋደሙ። የወለደቻቸው እናት እንኳ አትለያቸውም።

ዌይሎን ጠረጴዛው ላይ ተጎልቷል። ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ እናቱ አሁንም ዶሮ ትቆርስለታለች። ያልበዋል። ድርጭትን ቀና ብሎ አላያትም።

«ብላ እንጂ» አለችው ኦፓል። «ፊትህ የታመመ ጥጃ መስሏል።» ከዚያ ወደ ድርጭት ዞረች። እጇ የሽርጡን ኪስ ይዳብሳል። «ከምሳ በኋላ የምመልስልሽ ነገር አለኝ። እንዳልረሳው አስታውሺኝ።»

ትመልሺልኛለሽ አይደል! አለች ድርጭት በሆዷ። ጥይት ነው የምትመልሺልኝ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እያመነታች ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ልቧ ደነደነ።

ኦፓል የኮክ ኬኩን ከምድጃ ልታወጣ ሄደች። ዌይሎን ስልኩ ላይ አቀርቅሯል።

ድርጭት እጇን ልትታጠብ ተነሣች።

ሰማያዊው ሳህን ጋ ቆም አለች። ግራውን በቀኝ። ቀኙን በግራ።

ተመልሳ ተቀመጠች። ኬኩ መጣ። ሁለት ጊዜ ጨምሩልኝ አለች፤ እንዲህ የሚጥም ነገር በልታ አታውቅም፣ ይሄም አናደዳት።

የሱቁ የኋላ በር ተንኳኳ። ኦፓል ወደ ሳህኑ ሄዳ የግራውን አነሣች። እንደ ልማዷ ከማኅደሩ መዘዝ አድርጋ ጥይት መጉረሻውን በጥቂቱ ገልጣ አየች። የጥይቱ ናስ ብልጭ አለ። «ጎርሳለች» አለች ለራሷና ታጠቀች። ስታስተምር እንደኖረችው ማንንም ሳታምን አረጋገጠች። መርፌ ግን እንዲህ ተገልጦ አይታይም።

ድርጭት የቀኙን ታጠቀች።

ባርኔጣ አጭር፣ ጨዋ የሚመስል ሰውዬ ሆኖ ተገኘ። የገለባ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ነበር የገባው። ሱቁ መሐል፣ በመደርደሪያዎቹ መካከል አራት ሆነው ቆሙ። ዌይሎን ከጥይት ካርቶን ውስጥ ንድፉ ያለበትን የጥፍር ያህል ሚሞሪ ካርድ አውጥቶ ሰጠው። ሰውዬው የሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተተና ቆለፈው።

ዕቃው እጁ ገባ። ድርጭት ለዲያቆን ምልክት መስጫ የተደበቀበትን የአንገት ሐብሏን ሁለት ጊዜ ጫን አለች። ዲያቆን እስኪደርስ አንድ ደቂቃ ቢሆን ነው።

«ይቺ ማናት?» አለ ባርኔጣ።

«የእህቴ ልጅ ናት» አለች ኦፓል ሳታመነታ። «ምሳ ልትበላ መጥታ ነው። አንተ ጉዳይህ አልቋል፣ መንገድህን ያዝ።»

ድርጭት ግራ ገባት። የእህቴ ልጅ?

«ውሸቷን ነው!» ዌይሎን ድምፁ ቀጠነ። «ሰላይ ናት! እማ ራሷ ናት የነገረችኝ! እኔ የለሁበትም፣ እኔ አላመጣኋትም!»

«ዌይሎን!» አለች እናቱ። «ዝም በል አንተ ልጅ!»

የገለባ ባርኔጣው መሬት ወደቀ። ሥሩ ሽጉጥ ነበር። አፈሙዙ ድርጭት ላይ ቀጥ አለ።

ኦፓል ከፊቷ ገብታ ቆመች።

«በቤቴ ውስጥ ሰው አይገደልም» አለች። «ልጅቷን አትነካትም።»

ሽጉጧ መቼ ወጣ? ቀሚሷ ተገለጠ፣ ክንዷ ተዘረጋ፣ ቀይዋ ጫፍ የሰውዬው ደረት ላይ ተቀመጠች። ጣቷ ወደ ቃታው ገባ።

ሳበች።

ምንም።

ኦፓል አልደነገጠችም። ለሌሎች ያስተማረችውን አደረገች። ካዝናውን በመዳፏ መታች፣ አቀባበለች። ያልተተኮሰ ጥይት ወለሉ ላይ ተንከባለለ። እንደገና ሳበች።

ምንም።

ድርጭት መዝዛለች። መተኮስ ግን አልቻለችም፤ ኦፓል መሐል ላይ ናት፣ በገዛ ጀርባዋ ሸፍናታለች።

ባርኔጣ ተኮሰ።

ኦፓል ስትወድቅ ሰውዬው ተገለጠ። ድርጭት ሁለት ጊዜ ተኮሰች። መደርደሪያው ላይ ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ። አልተነሣም።

ድርጭት ተንበረከከች። ኦፓል ዓይኗ ክፍት ነው። እጇ ላይ ያለውን ሽጉጥ አየች። ከዚያ ድርጭት እጅ ላይ ያለውን፣ አሁን የተኮሰውን አየች። ሁለቱንም ቀይ ጫፎች።

«ለወጥሽብኝ?» አለች።

ድርጭት ቁስሉን በመዳፏ ጫነች። ኦፓል መልሱን አልጠበቀችም። ደሙ በሽርጡ ላይ ሰፋና ደረቷ መነሣቱን ተወ።

«ልትመልስልሽ ነበር!» ዌይሎን መሬት ተቀምጦ ይጮሃል። «ስትሄጂ ልትመልስልሽ ነበር! ‹ዌይሎንን እንዳትገድልብኝ ነው እንጂ ልጅቷስ ምን አደረገች› ነው ያለችኝ! ለምሳ ብቻ! ለምሳ ብቻ ነው የነቀለችው!»

ድርጭት ሽርጡ ኪስ ውስጥ እጇን ከተተች። በሶፍት የተጠቀለለ ነገር አለ። መርፌው ከነሞላው። ዘይት ተቀብቶ፣ ተወልውሎ ተጠቅልሏል። እንባዋ መጣ፤ ልትይዘው ሞከረች፣ አልቻለችም።

ዲያቆን በኋላ በር ገባ። ኦፓልን ተሻግሮ የባርኔጣን ኪስ ፈተሸ።

«አለ» አለ። «ጎበዝ።»

«ልታድነኝ ነበር» አለች ድርጭት።

«ማን?»

«እሷ።»

ዲያቆን አሮጊቷን አየ፣ ሁለቱን ሽጉጦች አየ፣ የሆነው ገባው። መርፌውን ከመዳፏ አነሣና ላስቲክ ውስጥ ከተተው። «ሽጉጧ ከሸፈባት ብለን ነው የምንጽፈው» አለ። «ደግሞም ከሽፎባታል። መኪናው ውስጥ ግቢ፣ ሰው ሳይሰበሰብ።»

በማግስቱ ዳርላ ፕሩዊት የምትባል ሴት ክሊኒኩ አልገባችም። ከተማው ባሏ አግኝቷት ይሆናል ብሎ ደነገጠ። የማክሰኞ ተማሪዎች ለኦፓል ቀብር አበባ ሲገዙ፣ ለዳርላም ጸሎት አድርገዋል አሉ።

በመጸው፣ ከዚያ እጅግ በራቀ አይዳሆ በሚባል ተራራማ አገር፣ ኬንድራ የምትባል ሴት አንድ የሽጉጥ ሱቅ ገባች። አዲስ መጤ ናት፤ ባሏ ሞቶባታል አሉ። ጢማሙ ባለሱቅ አዘነላት።

«ከዚህ በፊት ይዘሽ ታውቂያለሽ?»

«ኧረ እኔ! በጭራሽ።»

ከፍቶ ባዶነቱን አሳያትና ሰጣት። ሳታይ ተቀበለች። ጣቷን ቃታው ላይ አሳረፈች።

«ጣትሽን እህቴ፣ ጣትሽን!»

«ውይ፣ ይቅርታ!»

ሰውዬው ሳቀ። ደግ ሰው ይመስላል። ከመሳቢያው ትንሽ ጠርሙስ አወጣና ክዳኑን መፍታት ጀመረ።

«ይቺን ጫፏን ልቀባልሽ፣ ዓይንሽ ቶሎ እንዲይዛት። የልጄ የጥፍር ቀለም ነው፣ አትሳቂብኝ።»

«ቀይ አይሁን» አለች።