ከማድ ቤቱ ጀርባ

«ጉልበቱን ያዢልኝ፤ እንዳያጥፈው» አለች ሕፃናት ለመለካት ቤት ለቤት የምትዞረው ነርስ።

ልጅቷ የታናሽ ወንድሟን ጉልበት መለኪያ ሰሌዳው ላይ ጫን አድርጋ ያዘች። ሕፃኑ ለቅሶውን አቀለጠው። ሁለት ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ቀርቶታል፤ የቤቱ ሰው በፍቅር «ጢኖ» ይለዋል። ነርሷ ቁጥሩን አነበበች፤ ደግማ ለካች። መደጋገሟ ልጅቷን አስፈራት።

«ቁመቱ ካለፈው ልኬት ፈቀቅ አላለም» አለች ነርሷ በመጨረሻ። «ተቅማጥ ይመላለስበታል?»

«ኧረ መች ተለይቶት!» አለች እናት። «ከአፌ ነጥቄ ነው የማጎርሰው፤ የት እንደሚገባ እንጃ!»

«ሆዱ በየጊዜው ከታወከ የበላው አይሆነውም። እንዲህ ከቀጠለ ደግሞ ቁመቱ ብቻ አይደለም የሚቀረው፤ ነገ ትምህርቱም ሊከብደው ይችላል። ፖፖውን የት ነው የምትደፉት?»

«ሽንት ቤት ነዋ! የእሷ ሥራ ነው፤ ልጄ አደራ አትበላም።»

ልጅቷ ዓይኗን ከእናቷ አሸሸች። ሽንት ቤቱ ያለው ከግቢው ጫፍ፣ ከውሃ ቧንቧው አጠገብ ነው። ቧንቧው ጋ የክፍሏ ልጆች ጀሪካን ይዘው ይሰለፋሉ። አንድ ቀን ፖፖ ይዛ ስታልፍ «እሜቴ ፖፖ መጡ፤ መንገድ ልቀቁ!» ብለው በሳቅ ፈነዱ። ከዚያ ወዲህ፣ የሕፃን ምን አለበት ብላ፣ ከማድ ቤቱ ጀርባ ትደፋና አመድ ነስነስ ታደርግበታለች። ዶሮዎቹ ይጭሩታል። ጢኖም ዶሮዎቹን እያሳደደ እዚያው ሲርመጠመጥ ይውላል፤ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ነው።

«እንግዲያው ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች እናት፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «ወተቴ አልበጀውም መሰለኝ።»

ነርሷ አጽናናቻትና ቦርሳዋን አንጠለጠለች። ልጅቷ ቦርሳውን በዓይኗ ተከተለች። ዝም ብትል ማን ያውቃል? ከነገ ጀምራ ራሷ ታስተካክለዋለች። ብትናገር ግን እናቷን በምን ዓይኗ ታያታለች? ጢኖ እንባው ሳይደርቅ አንድ ጣቷን በትንሽ እጁ ጨበጠ። ጥፍሮቹ ውስጥ አመድ አለ።

ነርሷ በሩ ጋ ደርሳለች።

«ሲስተር፣ አይሂዱ» አለች ልጅቷ። «ጓሮውን ላሳይዎት።»

ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች።

«እማ፣ አንቺም ነይ።»