ሊድን የነበረ ጥርስ

ኬክ ጋጋሪዋ የጥርስ ሐኪም ቤት የሄደችው እህቷ እጇን ይዛ እየጎተተቻት ነው። የመሰርሰሪያውን ድምፅ ገና ከደረጃው ስትሰማ ልትመለስ ዞረች። የተቀበላት ግን ገና ወጣት ሐኪም ነበር፤ ትንሿን መስታወት አፏ ውስጥ አስገብቶ ጥርሶቿን አንድ በአንድ አየ። ሲቆይባት ቀና ብላ ዓይኑን አየችው። ባታየው ይሻላት ነበር።

«ፊት ለፊት ያለው ጥርስሽ ላይ ነጭ ነጥብ አለ» አላት። «የመበስበስ መጀመሪያ ነው፤ ግን ገና አልተቦረቦረም። ስለዚህ አልሰረስረውም።»

«ታዲያ ምን ሊያደርጉት ነው፣ ዶክተር?»

«ፍሎራይድ እቀባዋለሁ። የቀረው የአንቺ ሥራ ነው፤ ጠዋትና ማታ ትቦርሺዋለሽ፣ ጣፋጭ ትቀንሻለሽ። እንዲህ ያለ ጥርስ ጊዜ ከተሰጠው ራሱን ይጠግናል። ደግሞ አንቱ አትበይኝ፤ ሳላገባ አታስረጂኝ።»

ሳቀች። «ሳላገባ» ያላትን ቃል ግን እስከ ቤቷ ድረስ ይዛው ሄደች።

ከሦስት ወር በኋላ ተመልሳ ስትመጣ ነጥቡ በግማሽ ቀንሶ ነበር። ሐኪሙ የጥርሷን ፎቶ ከበፊቱ ጋር አስተያይቶ እንደ ልጅ ፈነደቀ። የክሊኒኩ ባለቤት የሆኑት ትልቁ ሐኪም ያለ መሰርሰሪያ እንዲያክም የፈቀዱለት አምስት ሰው ብቻ ነው፤ አምስቱም ከዳኑለት ይቀጥላል፣ አንዱ እንኳ ከከሸፈበት ነገሩ ያበቃል። ከአምስቱ አንዷ እሷ መሆኗን ያን ቀን ነገራት።

«አሁን አንድ ጊዜ ብቻ ብቅ ትያለሽ። ከዚያ በኋላ እዚህ ምን ያመጣሻል!» አላት ፈገግ ብሎ።

ልቧ ስንጥቅ አለ። እሱን የሚያስቀው ምን እንደሆነ አልገባትም።

ጉዱ የጀመረው ያን ሳምንት ነው። ሌላው ሰው ፍቅር ሲይዘው ሽቶ ይገዛል፣ ፀጉሩን ይሠራል። እሷ ጥርሷን መቦረሽ ተወች። ኬክ ቤት ውስጥ ከሳህኑ ጠርዝ የተረፈውን ክሬም በጣቷ እየላሰች፣ አፏን እንኳ ሳትጉመጠመጥ ትውላለች። እህቷ «አንቺ፣ ብሩሽሽ እኮ ደርቋል!» ስትላት «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ትላታለች።

በቀጠሮዋ ቀን ነጥቡ ሰፍቶ፣ ቡናማ ሆኖ ተገኘ። የሐኪሙ ፊት ጭልም አለ።

«ትቦርሺያለሽ?»

«ጠዋትና ማታ» አለችው ዓይን ዓይኑን እያየች።

«ጣፋጭስ?»

«ኬክ ጋጋሪ ኬክ ይበላል እንዴ? ሲያዩት የሚሰለች ነገር!»

አመናት። ቀጠሮው በየወሩ ሆነ፤ እሷንም ደስታ የምትሆነውን አሳጣት። በየወሩ አገጯን ቀና የሚያደርግላት ጣት፣ በየወሩ «እንዴት ሰነበትሽ?» የሚላት ድምፅ አገኘች። ጥርሷ እየተቦረቦረ ነበር፤ ምን ቸገራት!

በአራተኛው ወር ስትመጣ ግን መሣሪያዎቹን ካርቶን ውስጥ ሲከት ደረሰች።

«የት ልትሄድ ነው?»

«ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቻለሁ። የእዚህኛው አበቃ።» ቀና ብሎ አላያትም። «አራቱ ድነዋል። ትልቁ ሐኪም የአንቺን ፎቶ አንስተው ‹ወይ ልጅቷ ትዋሻለች፣ ወይ ሕክምናህ አይሠራም› አሉኝ። እሷ አትዋሽም አልኳቸው። ያለ መሰርሰሪያ ለመታከም ተራ ይጠብቁ የነበሩት ሕፃናት ሁሉ ወደ መሰርሰሪያው ይሂዱ ተባለ።»

ምድር ተሰንጥቃ ብትውጣት ወደደች።

«ዋሽቼሃለሁ» አለች። ከዚያ ሁሉንም ዘረገፈችው፤ ክሬሙን፣ የደረቀውን ብሩሽ፣ በየወሩ የነገረችውን ውሸት። «ከዳንኩ ዳግመኛ አላይህም ብዬ ነው።»

ሐኪሙ የያዘውን መስታወት ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«እኔ ደግሞ እስክትድኚ ነበር የምጠብቀው» አለ። «የማክማትን ሴት ፍቅር መጠየቅ ነውር ነው። ነጥቡ ጠፍቶ ካርድሽ ሲዘጋ፣ ውጭ በር ላይ ጠብቄ ልነግርሽ ነበር። ቀኑን ስቆጥር ነው የከረምኩት።»

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «አሁን ንገረኛ! ትልቁ ሐኪም ዘንድ ገብቼ እውነቱን እናገራለሁ፤ ሥራህም ይመለሳል።»

«‹ለእሱ ብላ ነው› ነው የሚሉት።»

«እሺ፣ ሥራው ይቅር። እኔስ? እወድሃለሁ እኮ!»

አያት። መውደዱ ከዓይኑ አልጠፋም፤ አንጀቷን የቆረጠውም እሱ ነው።

«ጥርስሽ ሌላ ሲነግረኝ እንኳ አንቺን ነው ያመንኩት» አላት ቀስ ብሎ። «አሁን እወድሃለሁ ስትይኝ፣ አፍሽን ከፍቼ ልየው ልየው ይለኛል። እንደዚህ ሆነን እንዴት እንኖራለን?»

ካርቶኑን አቅፎ ወጣ። በሩን እንኳ በቀስታ ነው የዘጋው።

ፊቷን ጠርጋ ወደ ትልቁ ሐኪም ክፍል ገባች። አንዴም ሳያቋርጧት ሰሟት። ስትጨርስ ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት።

«ልጄ፣ እኔም ወጣት ነበርኩ። ለእሱ ብለሽ ስምሽን እስከ ማጥፋት መድረስሽ አሳዘነኝ» አሏት በርኅራኄ። «እሱ ራሱ ነግሮኛል፤ አንቺ አትዋሺም።»

የሕክምና ወንበሩ ላይ አስቀምጠው፣ ዝቅ አድርገው መብራቱን ወደ ፊቷ አዞሩት፤ መሰርሰሪያውንም አነሱ።

«በይ፣ አፍሽን ክፈቺ።»

ከፈተች።