ባለ ነሐስ ቀንዱ አጋዘንና የሲርባ ጠረን

ጎረቤቴ እትዬ ዘርጊ አጥር ሥር ቆማ ለእህቷ ስታንሾካሹክ ነው የሰማሁት። ጆሮ መጣል ልማዴ ሆኖ አይደለም፤ አጥሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ነው። በቀትር አጋዘን ቤተ መንግሥት ገባ፣ ቀንዱ ነሐስ ነው፣ ከንጉሡ ምንጭ ጠጥቶ ሲያበቃ የውሃውን ዓይን ውጦ ሄደ አለቻት። የውሃው ዓይን የምትባለው የእንቁላል አስኳል የምታክል ሰማያዊ ድንጋይ ናት፤ በእንዝርታ አገር ያለ ውሃ ሁሉ የሚፈልቀው በእሷ ነው። ዘርጊ ማጋነን ትወዳለች ብዬ ተውኩት። በማግስቱ እንስራዬን ይዤ ወንዝ ብወርድ ደረቅ ኮረት ጠበቀኝ።

እንዲህ ያለ መዓት ሲመጣ መጀመሪያ የሚወጡት መኳንንቱ ናቸው። የንጉሡ የአደን አለቃ አዛዥ መርጎል ፈረሰኛ አሰልፎ፣ መለከት እያስነፋ ወጣ። በእንዝርታ ደግሞ ወግ አለ። ጀግና አዳኝ ፍላጻ ከመልቀቁ በፊት ቆሞ ስሙንና የአባቶቹን ስም ለአውሬው ይናገራል፤ ተደብቆ መግደል የሌባ ሥራ ነው ይባላል። አዛዡም አጋዘኑን ሜዳ ላይ አገኘውና መፎከር ጀመረ። ቅድመ አያቱ ጋ ሳይደርስ አጋዘኑ ሁለት ተራራ ተሻግሯል። ሲመለስ ግን ስሜን ሰምቶ ሸሸ ብሎ አስወራ።

ሲርባን ያስነሳት ክብር አልነበረም። የአዳኝ ልጅ ናት። ባሏ ጨው ላመጣ ብሎ ሄዶ ቀርቷል፤ እዚያው ሌላ ትዳር ይዟል የሚሉ አሉ፣ እኔ አላልኩም። የጥቂት ወራት ወንድ ልጅ ታቅፋለች። ውሃው ሲጠፋ ጡቷ ነጠፈ። ልጁ ባዶ ጡት እየሳበ ሲያለቅስ ከረመና በኋላ ማልቀሱንም ተወው። ያን ጊዜ የአባቷን ቀስት ከግድግዳ አወረደች።

ንጉሥ ዶርዞን ፊት ቀርባ አድፍጬ እጠብቀዋለሁ ስትል አዳራሹ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«በዚህ ቀስት እምላለሁ፤ የውሃውን ዓይን ሳልይዝ የልጄን ፊት አላይም» አለች።

ንጉሡም የጠማው ሰው ነውና ፈቀደ።

ልጁን ለአማቷ ሰጥታ፣ ባልንጀራዋን ቆንጥርን አስከትላ ወጣች። ቆንጥር ቀስት አታውቅም፤ አንድ ጊዜ ሞክራ የገዛ ጫማዋን ነው የመታችው። አፏን ግን መንደሩ ሁሉ ይፈራዋል። ዛፎቹ እንደ ሰው የሚተነፍሱበትን የጭልሞን ደን ሰንጥቀው፣ አጋዘኑ ሊልሰው የሚመጣበትን ጨዋማ አፈር አገኙ።

ማድፈጫውን እንዲህ ሠሩት። ለመቀመጫ ጎድጎድ አድርገው ቆፈሩ። ቅርንጫፉን ከሩቅ ቆርጠው አመጡ፤ አጠገብ የተቆረጠ እንደሆነ አጋዘን የዛፉን ቁስል አይቶ ይጠረጥራል። ከኋላ ብርሃን እንዳያሳልፍ ጥቅጥቅ አድርገው ዘጉት፣ ከፊት ለፍላጻ የምትበቃ ቀዳዳ ተዉ። ቀስቱ ሲወጠር ቅጠል እንዳይነካ ውስጡን ሰፋ አደረጉት። ከዚያ ተቀምጦ ዝም ማለት ነው። ለቆንጥር ዝምታው ከቁፋሮው ይከብድ ነበር።

አጋዘኑ ፀሐይ ስትወጣ መጣ። ቀንዱ የቤተ ክርስቲያን ደወል ይመስላል። ሲርባ የቀስቱን ጅማት ስትይዝ ነፋሱ ዞረ። አውሬው እግሩን መሬት ላይ መታ፣ በአፍንጫው ነፋና ጠፋ። ሌላ ቀን አመድ ተቀቡ፤ ሸሸ። ቅጠል ታጠኑ፣ ፍግ ተቀቡ፤ ቀረብ ብሎ ሸሸ። ጡቷ ቢነጥፍም የእናት ጠረን በምንም አይሸፈንም።

ከረግረጉ ዳር እማ ጭጋጎ የምትባል አስማተኛ ነበረች። ጣራዋ ላይ የተንጠለጠለው ቅል ሁሉ ጠረን የታሸገበት ነው፤ የመጀመሪያ ዝናብ፣ የሞቱ ነገሥታት፣ የተቃጠለ ከተማ። ሲርባ የመጣችበትን ነገረቻት።

«ጠረንሽን እወስድልሻለሁ፤ መመለስ ግን አላውቅበትም» አለች አስማተኛዋ። «በጠረን የሚያውቅሽ ሁሉ ከዛሬ ጀምሮ አያውቅሽም።»

ቆንጥር የኔን ውሰጂ ብላ ዘላ ገባች። እማ ጭጋጎ ታዲያ ቀስቱን ማን ሊስበው ነው ብላ ጠየቀቻት፤ ቆንጥር ጫማዋን አየች። ሲርባ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጡቴ ይመለሳል ወይ አለች። ውሃው ከመጣ ይመጣል ተባለች።

«እንግዲያው ውሰጂው።»

አሮጊቷ ቅሉን በራሷ፣ በአንገቷ፣ በደረቷ ላይ አዙራ ከደነችው። አለቀ። አላመማትም።

በማግስቱ ቆንጥር ራቅ ብላ ኮረብታ ላይ ቀረች። ሲርባ ብቻዋን ገባች። አጋዘኑ መጣ፤ ነፋሱ ከእሷ ወደ እሱ ነበር፣ እሱ ግን ባዶ ጎጆ የሚያሸት ይመስል መጥቶ አፍንጫውን በቀዳዳው አስገባ። ትንፋሹ ፊቷን አረጠባት። አልተነቃነቀችም። አፈሩን ሊልስ አንገቱን ሲደፋ ቀስቱን ወጠረች፤ ጎኑን ሲሰጣት ፍላጻውን ከትከሻው ኋላ ሰካችበት። ተነስታ አላሳደደችም፤ የተወጋ አጋዘን ካላባረሩት ሩቅ አይሄድም። ትንሽ ቆይታ ደሙን ተከትላ ቁጥቋጦ ሥር አገኘችው። ከጉሮሮው የውሃውን ዓይን ስታወጣ መዳፏ ላይ ውሃ መመንጨት ጀመረ።

ድንጋዩ ምንጩ ላይ በተመለሰ ዕለት ወንዞቹ ወረዱ። የሲርባም ጡት ሞላ። አማቷ ቤት ስትደርስ የገዛ ውሻዋ ጮኸባት። ልጁን አቅፋ ጡቷን ብትሰጠው ፊቱን አዞረና እንደ ባዳ አለቀሰባት። ለቆንጥር ሲሰጡት ዝም አለ። ሲርባ ወተቷን በኩባያ አለበችና በማንኪያ አጠጣችው፤ እየተንሰፈሰፈ ጠጣ። ጉንጩ ሲሞላ ለማየት የበቃችው በማንኪያ ነው።

ወሬው ወዲያው ቤተ መንግሥት ደረሰ። ንጉሡ ሊሸልማት ሕዝብ ሲሰበስብ አዛዥ መርጎል ብድግ አለ።

«ንጉሥ ሆይ፣ ይህች ሲርባ አይደለችም። የአጋዘኑ መንፈስ መልኳን ለብሶ መጥቷል። ውሻዋ ጮኸባት። ከአብራኳ የወጣው ልጅ እንኳ አላወቃትም! ከአገር ትባረር፣ ልጁም ከእጇ ይወሰድ።»

አጠገቧ የቆሙት ፈቀቅ አሉ። ውሃ በእንስራ ይዘው የመጡት ሁሉ ሳይቀሩ እውነት ነው፣ እውነት ነው አሉ። ንጉሡ ጢሙን ይዞ አቀረቀረ። ሲርባ ልጁን ወደ ደረቷ አስጠጋች፤ ልጁም እንደ ልማዱ ተወራጨ።

ቆንጥር ሰዉን በክርኗ እየገፋች መሀል ገባች።

«ጌታዬ አዛዥ፣ ጠረኗን ለውሃው ስትል ሰጥታለች፤ ልጁ ያላወቃት በጠረን ብቻ የሚያውቅ ሕፃን ስለሆነ ነው። እርስዎስ?»

በሲርባ የሳቀው አዳራሽ አሁን በመርጎል ሳቀ፤ ንጉሡም ቀና ብሎ ሽልማቱን ለሲርባ ሰጣት።